የአዛዡ ቅንድብ

ያለፈው ሳምንት ካመለጣችሁ ብዙ አልቀረባችሁም። ያመለጣችሁ ሁለት ሰዎች ሲተያዩ ብቻ ነው። ቺዙሩ የትልቅ መድኃኒት ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ናት። ኢሳኦ ደግሞ ከሰሜን፣ ከአኪታ ገጠር በባቡር መጥቶ ኢታባሺ ሰፈር ባለች አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ማሽን የሚያንቀሳቅስ የገበሬ ልጅ ነው። እሷ የሣለችውን ይዛ ትመጣለች፣ እሱ ያትማል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ሁለቱም ትንፍሽ አይሉም። እኔ ፉሳኤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ወረቀት እያጠፍኩ፣ "ኧረ ከሁለት አንዳችሁ ተናገሩ!" ላለማለት ስንቴ ምላሴን እንደነከስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በዚያ በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ዓመታት አጋማሽ እኔና ቺዙሩ፣ እንደኛ ካሉ ልጃገረዶች ጋር ሆነን የምንሠራውን እናቶቻችን ቢያዩ ኖሮ ራሳቸውን ይስቱ ነበር። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚታይ አንድ የሳሙራይ ድራማ ነበረ፤ ባለታሪኮቹ አንድ አዛዥና ጠባቂው ናቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለቱ ወንዶች ሲዋጉ ይውሉና ታሪኩ ያልቃል። እኛ ግን ሰይፋቸውን ካስቀመጡ በኋላ ያለውን ነበር የምንሥለው። በእኛ ገጾች ላይ አዛዡና ጠባቂው ይዋደዳሉ። እያንዳንዳችን የወንድ የብዕር ስም አለን። ሥዕሉን አሳትመን፣ ወረቀቱን ራሳችን አጥፈን፣ ራሳችን ሰፍተን፣ የተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እንሸጣለን። የሚገዙን ልጃገረዶች ደግሞ ልብሳቸው ሥር ደብቀው ይወስዱታል።

ከሁላችንም የምትበልጠው ቺዙሩ ነበረች። በብዕር ስሟ ካራሱማ ጎሮ። ገዢዎቻችን አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራቸው፤ "ካራሱማ የሚሥላቸው ግን ተዋናዮቹን ለምን አይመስሉም?" ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው። የእሷ ጠባቂ አገጩ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። አዛዡ ደግሞ የግራ ቅንድቡ መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ፣ ቀጠን ያለ ጎበዝ ነው።

ኢሳኦ አገጩ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። ይህን ለማስተዋል ጠንቋይ መሆን አያሻም። እሱም አስተውሎታል፤ ገጹን ሲያትም ጆሮው ድረስ ሲቀላ አይቼዋለሁ። ግን ያ አዛዥ ማን ነው? ጠባቂው የሚሞትለት፣ ያ ቅንድበ ስንጥቅ ማን ነው? ይህን ሲያብሰለስል በከረመበት ሰሞን አንድ ቀን የቺዙሩ የሠርግ ግብዣ ወረቀት እንዲታተም ለዚያችው ማተሚያ ቤት ታዘዘ። ሙሽራው የባንክ ባለቤት ልጅ ነው። ኢሳኦ ያን ጊዜ መልሱን ያገኘ መሰለው። አዛዡ ሙሽራው ነው፤ እኔ ደግሞ ለጌቶች መሣቂያ የተሣልኩ አሽከር ነኝ ብሎ አመነ። ግብዣውን አንድ ቃል ሳይናገር አተመ። ከዚያ ወዲህ ቺዙሩ ስትገባ ቀና ብሎ አላያትም፤ እሷም ሠርጉን ሰምቶ ግድ ያልሰጠው መስሏት አንጀቷ እያረረ ትመለስ ነበር።

አሁን የጉዱን መነሻ ልንገራችሁ። ማተሚያ ቤት ውስጥ የተበላሸ ወረቀት አይጣልም። ተጣሞ የታተመው፣ ቀለም የፈሰሰበት፣ ሁሉም ተጨማድዶ ለሌላ ደንበኛ ካርቶን መሙያ ይሆናል፤ ዕቃው መንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ። የእኛ ብልሽት ግን ለብቻው ተለይቶ ይቃጠል ነበር። የባለቤቱ፣ የሽማግሌው የአቶ ሞሪዋኪ ጥብቅ ትእዛዝ ነው። በዚያ ሳምንት ኢሳኦ ልቡ ሌላ ቦታ ነበረ። የግብዣውን ካርቶን በእኛ ብልሽት ጠቅጥቆ፣ አስሮ ላከው።

ካርቶኑ የተከፈተው ቅዳሜ ምሳ ላይ፣ በሁለቱ ቤተሰቦች ፊት ነው። የሙሽራው እናት በገዛ እጃቸው አንዷን ወረቀት አውጥተው ጭምድዱን ዘረጉት። ሁለት ሳሙራዮች ከንፈር ለከንፈር ገጥመው አገኙ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። በነጋታው ገበያችን ስለሆነ ማተሚያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ገጽ አጥፋለሁ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ድንገት በሩ በእርግጫ ተበረገደና የቺዙሩ ታላቅ ወንድም ታካማሳ ገባ። ከኋላው ከካራቴ ክበቡ ያመጣቸው ሁለት ጓደኞቹ ተከተሉ። ያቺ ጭምድድ ወረቀት በእጁ ነበረች። ኢሳኦን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እንደገና ኢሳኦን አየ።

"ይሄው! አገጩን እዩት፣ እሱ ራሱ ነው!"

"ጌታዬ፣ ምን ልታዘዝ?" አሉ አቶ ሞሪዋኪ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

"አንተ ሽማግሌ ዝም በል!" አለና ቀጥታ ኢሳኦ አፍ ላይ ቡጢውን አሳረፈ።

ኢሳኦ ማሽኑ ላይ ተደግፎ ቆመ። እጁን አላነሳም። ሁለተኛው ቡጢ አፍንጫው ላይ ሲያርፍ ደሙ ያጠፍኳቸው ገጾች ላይ ተረጨ። እኔ ጮህኩ። ከጓደኞቹ አንዱ ትከሻዬን ይዞ ግድግዳው ላይ ለጠፈኝ።

"የእህቴን ግብዣ በዚህ ቆሻሻ ጠቅልለህ ትልካለህ? በአባቴ ፊት? በአማቾቿ ፊት? ማን ነው የሣለው?"

ኢሳኦ ደሙን ተፋ።

"ካራሱማ ጎሮ ይላል እዚህ። ማን ነው ካራሱማ?"

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበረ እንጃ። ኢሳኦ በዚያ በደም በተሸፈነ ፊቱ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

"እኔ ነኝ" አለ።

"አንተ?"

"እኔ ነኝ የሣልኩት። ፊቱ የእኔ አይደለም እንዴ? ሌላ ማን የእኔን ፊት ይሥላል?"

ታካማሳ ሆዱን በጉልበቱ መታው። ኢሳኦ ሲታጠፍ ጀርባውን፣ ሲወድቅ ጎኑን ረገጠው። የጎድን አጥንት ሲሰበር ድምፁ እንዴት ያለ እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ሽማግሌው የታካማሳ እግር ላይ ተጠመጠሙ፤ ገፍቶ ጣላቸውና መነጽራቸው ተሰበረ። ሁለተኛው ጓደኛው ደግሞ በነጋታው ልንሸጠው የነበረውን ክምር በጫማው እየበተነ ይስቃል።

"ፖሊስ ጣቢያው እዚሁ ማዶ ነው" አለ ታካማሳ እያለከለከ። "ጸያፍ ሥዕል አትሞ የሚያሰራጭ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ። ማሽኑ ይወረሳል። ቤቱ ይታሸጋል። አንተ ትታሰራለህ። እዚያም ያ አገጭህ አይተርፍህም።"

"ልታሰር" አለ ኢሳኦ ከወለሉ ላይ። "ሂድ፣ ጥራቸው።"

እንዲህ አድርጎ የሚያፈቅር ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። የማትፈልገው መስሎታል፤ የሳቀችበት መስሎታል። እና ይሄን ሁሉ ዱላ ለእሷ ይጠጣል።

በሩ ላይ ቺዙሩ ቆማ ነበር።

መቼ እንደደረሰች እንጃ። ከምሳው ግብዣ ሮጣ ታክሲ ይዛ ነው የመጣችው። የለበሰችው ውድ ኪሞኖ ነው፤ አንዱ ጫማዋ የለም። ግንባሯን ሁልጊዜ የሚሸፍነው ፀጉሯ በላብ ተጣብቋል። ወለሉ ላይ ያለውን ሰው አይታ የበሩን መቃን ያዘች።

"ደህና መጣሽ" አለ ታካማሳ። "ለአማቾችሽ የምንነግረው አለ። የሠራተኛው ተንኮል ነው፣ አናውቀውም እንላለን። አንቺም አላውቀውም ትያለሽ። አለቀ። መኪናው ውስጥ ግቢ።"

እውነት ለመናገር ቀላል ነበር። አላውቀውም ማለት ብቻ። ሠርጉ ይቀጥላል፣ የአባቷ ስም ይድናል፣ ካራሱማ ጎሮ ኢሳኦ ሆኖ እስር ቤት ይገባል። ኢሳኦ ራሱ እንኳ ያን ነበር የሚለምናት።

"እመቤቴ" አላት። ስሟን አልጠራም። ያበጠው ከንፈሩ ቃሉን ያደናቅፈዋል። "ሠርግሽ ይመር። ወረቀቱን ያተምኩት እኔ ነኝ፣ አምሮ ወጥቷል። ከአዛዡ ጋር ደስ ይበላችሁ። አሁን ሂጂ።"

"ከየትኛው አዛዥ ጋር?"

"አታድክሚኝ። ሂጂ አልኩሽ።"

ቺዙሩ ትክ ብላ አየችው። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ብሎ ሲያስብ እንደከረመ ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ወንድም ጋሼ፣ የሣልኩት እኔ ነኝ።"

ታካማሳ ሳቀ። ጓደኞቹም ሳቁ።

"አንቺ አበባ ነው የምትሥዪው። አባባ መምህር ቀጥሮ ያስተማረሽ አበባ ነው።"

"ካራሱማ ጎሮ እኔ ነኝ።"

"ውሸቷን ነው!" አለ ኢሳኦ ለመነሳት እየታገለ። "አትስማት፣ ውሸቷን ነው!"

ቺዙሩ አልመለሰችለትም። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ትርፍ ከቀሩት የግብዣ ወረቀቶች አንዱን አነሳች፤ የእሷና የሙሽራው ስም በወርቅ ቀለም የታተመበትን። ገልብጣ ነጩን ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ብዕር ከእኔ ጆሮ ላይ ነጥቃ ተንበረከከች። መሥመሩ ወረደ። ያበጠ ዓይን፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ ወለል ላይ ተቀምጦ እምቢ የሚል ሰው። አንዱንም መሥመር አልደገመችም።

ታካማሳ ገጹን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የብረት ማስመሪያ አንስቶ በጠርዙ ቀኝ እጇን መታት።

ብዕሩ በረረ። ቺዙሩ እንደ እንስሳ ጮኸች። ሁለት ጣቶቿ ወደማይታጠፉበት ታጥፈው አየሁ። ኢሳኦ በአራት እግሩ እየዳኸ ወደ እሷ መጣ፤ ከታካማሳ ጓደኞች አንዱ በእርግጫ መልሶ ትከሻውን ያዘው።

"አሁንስ?" አለ ታካማሳ። "አሁንስ ማን ነው የሣለው?"

ቺዙሩ ግራ እጇን ዘርግታ የማሽኑ ቀለም መቀቢያ ሮለር ላይ ካለው ጥቁር ቀለም በአውራ ጣቷ አፈሰች። የኪሞኖዋ እጅጌ ቀለሙ ውስጥ ገባ፤ ግድም አላላትም። የቀረው አገጩ ብቻ ነበረ። በአንድ ምት የቃጠሎውን ጠባሳ አሳረፈች። በማትሥልበት እጇ፣ በጣቷ፣ ያው ራሱ መሥመር ወጣ።

"ታካማሳ..." አለ ከጓደኞቹ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሷ ናት እኮ።"

ያን ጊዜ ነው ታካማሳ ያበደው። ፀጉሯን ጨምድዶ ያዘና ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጎተተው።

"ታዲያ ይሄ ሌላው ማን ነው? አዛዡ! ጠባቂው ይሄ ውሻ ከሆነ፣ አዛዡ የማን ሰው ነው? ስንት ወንድ አለሽ? ተናገሪ! ማን ነው?"

ግንባሯ ተገለጠ። ከልጅነቷ ጀምሮ በፀጉሯ የሸፈነችው ግንባር፣ ለእኔ እንኳ አንዴ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻ የታየኝ። የግራ ቅንድቧ መሐል ለመሐል ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ሕፃን ሳለች ወንድሟ ተናዶ በወረወረው የቀለም መበጥበጫ ድንጋይ የቀረ ጠባሳ። የገዛ እጁ ሥራ በየገጹ እያፈጠጠበት፣ ታካማሳ አንዴም አላየውም።

ኢሳኦ ግን አየው።

ቀና ብሎ ቅንድቡን አየ። ወለሉ ላይ የተበተኑትን ገጾች አየ። እንደገና ቅንድቡን አየ። በዚያ በቆሳሰለው ፊት ላይ የወጣውን ነገር እኔ ልገልጸው አልችልም፤ ለዓመት ያህል ደጅ ቆሞ፣ በሩ ክፍት እንደነበረ የተነገረው ሰው አስቡ።

"ልቀቃት" አለ ቀስ ብሎ። "የምትጠይቀው ሰው እጅህ ላይ ነው።"

ታካማሳ አልገባውም። ቺዙሩ ግን በፀጉሯ እንደተንጠለጠለች ኢሳኦን እያየች ተናገረች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል።

"ሴት አድርጌ ራሴን ብሥል ኖሮ፣ በሁለተኛው ገጽ ላይ አስረው ለሰው ይሰጡኝ ነበር። ካንተ ጋር ዓይን ለዓይን የምቆምበት ሌላ አካል አላገኘሁም ኢሳኦ። ወንድ ሆኜ፣ ሰይፍ ታጥቄ፣ እወድሃለሁ የምልበት ሌላ ቦታ አላገኘሁም። ታያለህ ብዬ ነበር። በየወሩ አመጣልሃለሁ፣ በየወሩ አታይም።"

ኢሳኦ ተነሳ። በተሰበረ ጎን እንዴት እንደተነሳ አትጠይቁኝ። የያዘውን ልጅ በክርኑ አፍንጫው ላይ ብሎ ጣለውና ታካማሳ ላይ ደረሰ። ያን ሁሉ ዱላ እጁን ሳያነሳ የተቀበለ ሰው፣ እጁን ሲያነሳ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። ታካማሳ ፀጉሯን ለቀቀ። ኢሳኦ አንገቱን ይዞ ወረቀት መቁረጫው ድረስ ጎተተው። ማስመሪያውን ይዞ የመታበትን ቀኝ እጁን ጠምዝዞ ስለቱ ሥር አስገባና የመቁረጫውን እጀታ ጨበጠ።

"የትኛው ጣት ነው?" አለ በዚያ በአኪታ አነጋገሩ። "የእሷን የትኛውን ነበር የሰበርከው?"

ታካማሳ ማልቀስ ጀመረ። ጓደኞቹ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። አቶ ሞሪዋኪ ያለ መነጽር እየዳበሱ፣ "ልጄ፣ ተው፣ ልጄ" ይላሉ። እጀታው ትንሽ ወረደ። እውነቱን ልናገር? እኔ ይቁረጠው ብዬ ነበር።

"ኢሳኦ" አለች ቺዙሩ። የተሰበረ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። "እንደዚያ አታድርግ። እጅ ነው።"

 ኢሳኦ እጀታውን መልሶ ቀና አደረገው። ታካማሳ እጁን ሰብስቦ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"ፖሊስ ጥራ ወንድም ጋሼ" አለችው ቺዙሩ። ቁጣ አልነበረባትም። "ሣዩዋ ማን እንደሆነች ግን አብረህ ንገራቸው። አባባ ነገ ጠዋት ጋዜጣ ላይ ያነበዋል።"

 ታካማሳ ተነስቶ፣ አፉን በእጅጌው ጠርጎ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ዞረ።

"ከዚህ በኋላ ቤት የለሽም። አባት የለሽም። ገባሽ?"

"ገብቶኛል።"

"ብትራቢ እንኳ በራችን እንዳትደርሺ።"

"አልደርስም።"

ሄዱ። መኪናው ሲነሳ ሰማነው። እስከዚያ ድረስ ቀጥ ብላ ቆማ የነበረችው ቺዙሩ፣ ድምፁ ሲርቅ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወደቀችና እንደ ሕፃን አለቀሰች። አባቷን ትወደው ነበር። ይህን ማንም አይጠይቅም፤ ግን ትወደው ነበር።

ኢሳኦ አጠገቧ ለመቀመጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። እኔ ጣቶቿን በጨርቅና በሁለት የእንጨት ማስመሪያ አስሬ፣ ሐኪም ልጠራ ተነሳሁ። ግን በር ላይ ያገኘሁትን ልጅ ላክሁት እንጂ ከበሩ አልፌ መሄድ አልቻልኩም። አዎ፣ ቆሜ አየኋቸው፤ ስሙኝ እንጂ አትፍረዱብኝ።

"ሙሽራው መስሎኝ ነበር" አላት።

"ሙሽራው ቅንድቡ ሙሉ ነው። ጅል።"

"ጅል ነኝ።"

"እኔ እኮ ሠርጉን አይተህ ዝም ስትል..."

"አትሜ ጨረስኩና ጓሮ ሄጄ ተፋሁ። ደም የተፋሁ መስሎኝ ነበር። ከጣትህ አፍህ የገባ ቀለም ነው አሉኝ አቶ ሞሪዋኪ።"

ሳቀች። ከለቅሶው መሐል፣ ንፍጧ እየወረደ ሳቀች። እሱም ሊስቅ ሞከረና ጎኑን ይዞ አቃሰተ። ከዚያ ጥቁር ቀለም የነካውን ጣቱን አንስቶ፣ ፀጉሯን በቀስታ ወደ ኋላ አድርጎ፣ የተሰነጠቀውን ቅንድብ ዳሰሰ። ስንጥቁ ላይ ጥቁር አሻራ ቀረ፤ ቅንድቡ ሙሉ መሰለ።

"ያምሻል?"

"የቱ? ጣቴ ወይስ ይሄ?"

"ይሄ።"

ቺዙሩ ዓይኗን ጨፈነች። "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም" አለች።

ከማሽኑ ወዲያ አቶ ሞሪዋኪ በተሰበረ መነጽራቸው የተበተኑትን ገጾች እየለቀሙ ነበር። ደም የተረጨባቸውን ለይተው ከሚቃጠለው ብልሽት ጋር ሊከቱ ሲሉ፣ "ጋሼ፣ እነዚያ ብልሽት አይደሉም" አልኳቸው። ተቀብያቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና፣ እንባዬ እየወረደ፣ አንድ በአንድ እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ።